ጋቢ የለበሰው ቲኪ

ደክሞኛል። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ወንበር ስቤ ስቀመጥ ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያልደከመው ሐበሻ ካለ ገና ትናንት የገባ ነው። እኔ ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናጋጅ ነኝ። ከሥራ ስወጣ እግሬ የኔ አይደለም፤ ለእንግዳ ብዬ ፊቴ ላይ የለጠፍኩት ፈገግታ ግን አልላቀቅም ብሎ እቤት ድረስ ይከተለኛል። አንዳንዴ መኪና ውስጥ ለቀይ መብራት ፈገግ ስል ራሴን አገኘዋለሁ። እንዲህ የደከመ ሰው ደግሞ ነገር ሲመጣበት "ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም" ብሎ አይከራከርም። "እሺ" ይላል። "ኦኬ" ይላል። አንገቱን በአዎንታ ይነቀንቃል። የምነግራችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህችው አንገቴ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገራችሁ። የምኖረው ፓልምስ በሚባል ሰፈር፣ በአፓርታማዎች መሀል ተረስታ በቀረች አንዲት አሮጌ ቤት ነው። አከራዬ ሚስተር ሃሮልድ ሰማንያን ያለፉ አሜሪካዊ ናቸው። ድሮ እሳቸውና ሚስታቸው ዶሪስ ትልቁ ቤት፣ እኔ ጓሮ ያለችው ክፍል ነበርን። ዶሪስ ሲሞቱ "ቤቱ ሰፋብኝ፤ እንቀያየር" አሉኝ። እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ነገር አንዲት ሚስማር እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ለዚህም እሺ አልኩ።

ሳሎኑን አይቶ የማያውቅ ሰው በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ግድግዳው ቀርከሃ ነው። ጣሪያው ላይ የዓሣ መረብ ተዘርግቶ የመስታወት ኳሶች ተንጠልጥለውበታል። ጥግ ላይ ሣር የለበሰ የመጠጥ ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው በላይ ተነፍቶ የደረቀ እሾሃም ዓሣ ሆዱ ውስጥ አምፖል በርቶበት ቀኑን ሙሉ ተገርሞ ያየኛል። ከኮኮናት ቅርፊት የተሠሩ ጦጣዎች አሉ። መስኮቱ በቀርከሃ መጋረጃ ስለተሸፈነ በጠራራ ፀሐይም ቤቱ ድንግዝግዝ ያለ ነው። ከባንኮኒው አጠገብ ደግሞ ዋናው ሰውዬ አለ። ከዘንባባ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ እስከ ጆሮው የተከፈተ፣ ጥርሱ ተቆጥሮ የማያልቅ ምስል ነው፤ ቁመቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያህላል፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። የፓሲፊክ ደሴቶችን ጣዖት አስመስለው የሠሩት ነው፤ ቲኪ ይሉታል።

"ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ" አሉኝ ሚስተር ሃሮልድ አንድ ቀን፣ "ሁሉም ሰው ደሴት ላይ መኖር ይመኝ ነበር። ደሴቱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ሳሎናችን ውስጥ ሠራነው።" ምግብ ቤቱ፣ ሞቴሉ፣ የጎረቤቱ ጋራዥ ሳይቀር ቀርከሃ ለበሰ፤ ወንዱ አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ ሴቷ የአበባ ጉንጉን አደረገች። "እርስዎስ ደሴቶቹን አይተዋቸዋል?" አልኳቸው። አላዩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርተው አውሮፕላን መሳፈር የሚፈሩ ሰው ናቸው።

እኛ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ አንድ የሳሞአ ልጅ አለ፤ የምር የደሴት ሰው ነው። አንድ ቀን መኪናዬ ተበላሽቶ እቤት ሲያደርሰኝ ሳሎኑን አሳየሁት። ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ። "ይሄ የኛ አይደለም" አለኝ። "የኛን ሊመስል የፈለገ የነሱ ነው።" እኔም አብሬው ልስቅ ብዬ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። የኛም ምግብ ቤት ባር ላይ የሣር ጎጆ አለ። ደንበኛው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ "የአገርህ ቤት እንዲህ ነው?" ሲሉኝ ደክሞኝ "አዎ" እላለሁ፤ እኔ ያደግኩት በቆርቆሮ ቤት ነው። ሣሩንም ከአለቃዬ ጋር ሄደን የጫንነው ጋርዴና ከሚባለው ሰፈር፣ ለቲኪ ቤቶች ሣር ከሚሸጥ መጋዘን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሰላም የምትባል ልጅ እወዳለሁ። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ እኔም ያንን እጅ ለማየት ስል ያልሆነ ነገር ሁሉ አወራለሁ። እሷም ትወደኛለች፤ የሚያስቸግረው አክስቷ ናቸው። እትዬ የሺ ሰላምን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጉ፣ ፌርፋክስ ላይ ቅመምና የስልክ ካርድ የሚሸጡ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ድምፃቸው ከማይክሮፎኑ የሚበልጥ ሴት ናቸው። ሊያባርሩኝ አልፈለጉም። የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "ልጅ ጥሩ ነህ። ግን የማን ነህ? ከወገንህ አንድ ሰው ዓይን ዓይኑን ልየውና ልጄን አደራ ልበለው።"

ወገኔ ደግሞ እናቴ ብቻ ናት፤ አዳማ ነው ያለችው። "መሬት የማይነካ ነገር ላይ አልሳፈርም" ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ዳላስ አለ የሚባለው የአጎቴ ልጅ ስልኬን አያነሳም። እትዬ የሺ ሰው ካላዩ ሰላምን አይሰጡኝም፤ ሰላም ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት አታገባኝም። ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ፤ እኔም አብሬው ቆምኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤት ኅብረት አለን። በየተራ በየሰዉ ቤት ተሰብስበን እንዘምራለን፣ እንጸልያለን። የኔ ተራ በደረሰ ቁጥር አንዴ ቧንቧ ፈሰሰ፣ አንዴ ጉንፋን ያዘኝ እያልኩ አልፌአለሁ። የጌታን ሕዝብ ጥርሱን ካገጠጠ ጣዖት ፊት ማን ያስቀምጣል? መሪያችን ወንድም ታምራት ግን በመጨረሻ "ቤትህን እንዳናይ ምን ደብቀሃል?" አለ፤ ያውም እትዬ የሺ ባሉበት። "ምንም" አልኩ። "እንግዲያው ቅዳሜ አንተ ጋ ነው" አለ። አንገቴ ተነቀነቀች።

ጦጣዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ አጎርኳቸው፤ ኋላ ወደየቦታቸው እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው። መረቡን እንደ ጌጥ፣ ዓሣውን እንደ አምፖል ይዩት አልኩ። ቲኪውን ግን ብሎኑ አላላውስ አለኝ። ምን ላድርግ? እናቴ የላከችልኝን ጋቢ አወጣሁና ከአንገቱ እስከ እግሩ ጠቀለልኩት። ራሱ ላይ ያለው ዘውድ መሳይ ነገር ሾልኮ አስቸገረኝ፤ ነጠላ ደርቤ ፊቱ ላይ ዝቅ አደረግኩለት። ራቅ ብዬ ሳየው ልብስ የተከመረበት ዕቃ መሰለኝና ተደስቼ ለስላሳ ላቀርብ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ተመልሼ ስመጣ ሰዉ ሁሉ ገብቷል። ነገር ግን ዝም፣ ጭጭ! ሁልጊዜ ሲገቡ ጎረቤት የሚያስደነግጡ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በጣታቸው ይራመዳሉ። ሕፃን እንደተኛበት ቤት በጥቅሻ ያወራሉ። እትዬ የሺ ክንዴን ጨበጡኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አንተ ክፉ! ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ በሹክሹክታ። "እናትህ መጥተዋል!"

ወደሚያዩበት ዞር አልኩ። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ፣ ከጥግ፣ አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። እኔ ራሴ የሸፈንኩት ሰው ለቅጽበት ያህል "እማማ፣ መቼ ገቡ?" ልል ምንም አልቀረኝ። እኛ ጋ ደግሞ በጸሎት ላይ ያለን ሰው ማንም አያቋርጥም። ቀርቦ ሰላም አይልም፣ ትከሻውን አይነካም። ዓለም ቢገለበጥ ራሱ "አሜን" እስኪል ይጠበቃል። ስለዚህ ማንም አልቀረበም።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዓይናችንን እንጨፍን" አለ ወንድም ታምራት።

ወንድም ታምራት ጸሎት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። አገሩን፣ ከንቲባውን፣ ትራፊኩን ሁሉ ባርኮ ሲያበቃ "ደግሞም የወንድማችንን እናት ውቅያኖስ አሻግረህ በሰላም ስላመጣህልን ተመስገን!" አለ። ሁሉም "አሜን!" አለ። እኔም አልኩ። ከልማድ ነው፤ ሰው አሜን ሲል አሜን እላለሁ። ግን አንዴ አሜን ካሉ በኋላ "ይቅርታ፣ ከእናቴ በፊት ያለውን ብቻ ነው ያልኩት" አይባልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያያችሁት ነው። መዝሙር ተዘመረ፣ ቃል ተካፈልን፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ እናቴ የተባሉት ቀና አላሉም። "እንዲህ ያለ የጸሎት ሰው አይቼ አላውቅም" አለ አንዱ። ምግብ ሲቀርብ እትዬ የሺ የመጀመሪያውን ሳህን ለታላቅ ሰው ብለው ይዘው ተነሱ። ሮጬ መንገድ ዘጋሁባቸው። "ጾም ላይ ናት" አልኩ። ይቺ ስለ እናቴ በገዛ ምላሴ የዋሸኋት የመጀመሪያዋ ውሸት ናት፤ ሌሎቹ ያለኔ እርዳታ ነው የተወለዱት። እትዬ የሺ ሳህኑን መለሱና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አሁን የማን እንደሆንክ አወቅኩ" አሉኝ። ስንት ወር የለመንኩት ቃል ይኸው ነበር። ተናገርና አፍርሰው ብትሉኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ታፈርሱት ነበር?

ማታውኑ ሰላም ደወለች። ሥራ ላይ ስለነበረች አልመጣችም።

"እናትህ መጡ አሉኝ። እኔ ነኝ የመጨረሻዋ ሰሚ?"

ነገርኳት። ሳቋ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። ሲያበቃላት ድምፅዋ ተለወጠ።

"ሶ፣ አክስቴን መቼ ነው የምትነግራት?"

"ነገ።"

"እሷ ውሸት አትወድም፤ ከሌላ ሰው ከሰማች አለቀልን። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ እኔው ራሴ ድራይቭ አድርጌ አመጣታለሁ። ካልነገርካት እዚያው እነግራታለሁ።"

እሺ አልኩ። ግን ወሬው ከኔ ቀድሞ ወጥቷል፤ የእትዬ የሺ ሱቅ ከሬዲዮ ይፈጥናል። የሰው እናት ከአገር ቤት ስትመጣ ደግሞ እንኳን ደህና መጡ ሳይል የሚቀር ሐበሻ የለም። በማግሥቱ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሙዝ የያዘ መጣ፣ ብርድ ልብስ የያዘ መጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር የያዘ መጣ። እናቴ ተኝታለች አልኩ። እናቴ እየታጠበች ነው አልኩ። በሰዓት ለውጥ ቀንና ሌሊቱ ተቀላቅሎባታል አልኩ። የማላውቃት አንዲት ሴት "ግድ የለም፣ ከበሩ ሆኜ ልያቸው" ብላ አንገቷን አሰገገችና ያንን ጋቢ አየች። "ወይ መባረክ፣ አሁንም ጸሎት ላይ ናቸው" ብላ እንባዋን ጠርጋ ሄደች። ጋቢውን ላነሳው አስቤ ነበር። ግን የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ ከሥሩ ያለውን ጥርስ ከሚያዩ ጋቢውን ቢያዩ ይሻላል አልኩ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድም ታምራት የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ተጓቶ ዓመታት ሲንገላታ የኖረ ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ቦታ ጠቦ ከቲኪው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ ወረቀቱ ፀደቀለት። "ከእኚያ እናት ጎን ተቀምጬ አንድ ነገር ተሰምቶኛል!" ብሎ መሰከረ። ከዚያ ወዲያ ሰው ምግብ ቤት ድረስ እየመጣ ጆሮዬ ላይ ስሙን ይነግረኝ ጀመር። አንዷ ለጀርባዋ፣ አንዱ ለመንጃ ፈቃዱ፣ አንዷ ለባሏ ጠባይ። "እማማ ሲጸልዩ ስሜን ብቻ ይጥሩልኝ።" እኔ ትሪ ተሸክሜ፣ እግሬ እየተቃጠለ፣ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ቤት ስገባ ያ ፍጡር ጋቢውን እንደለበሰ ይጠብቀኛል። ጌታዬ ሆይ፣ ሕዝብህን እንጨት አስለመንኩ እያልኩ ፊቴን አዙሬ አልፈዋለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሳምንቱ መሀል እናቴ ደወለች። ትክክለኛዋ።

"ልጄ፣ ሎስ አንጀለስ ገብቻለሁ አሉኝ" አለችኝ። "ጎረቤቱ ሁሉ ለምን ሳትሰናበቺን ሄድሽ ብሎ አኩርፎኛል። በር ላይ ቆሜ እያዩኝ ነው እኮ የሚያኮርፉኝ! ለመሆኑ ደህና ነኝ?"

"ደህና ነሽ፣ እማዬ።"

"በልቻለሁ?"

"ጾም ላይ ነሽ።"

እናቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ምን ውስጥ እንደገባህ አላውቅም። የማውቀው ግን ከመዋሸትህ በፊት እንደሚደክምህ ነው። ሲደክምህ ተኛ እንጂ አታውራ" ብላ ዘጋችብኝ። እንደዚያ ያለ ምክር ከዶክተርም አልሰማሁም፤ የመጣው ግን ቀናት ዘግይቶ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። ንግግሬን መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ጧት ሚስተር ሃሮልድ በአጥሩ በኩል "ዛሬ ከሰዓት መሆኑን አልረሳህም አይደል?" ቢሉኝ፣ ምኑ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ "ኦኬ፣ ኦኬ" አልኳቸው።

ሰላምና እትዬ የሺ መጡ። እትዬ የሺ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ለእናቴ ያሰፉትን አዲስ ቀሚስ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሰላም በዓይኗ "ነገርካት?" አለችኝ። በዓይኔ "አሁን" አልኳት።

"እትዬ፣ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር..."

"ዛሬ ዝም በል" አሉኝ። "ዛሬ የናቶች ቀን ነው። እሳቸው ጸሎታቸውን ይቀጥሉ፤ እኔ የምናገረውን እግዜርም እሳቸውም አንድ ላይ ይስሙኝ።" አጭሯን የቀርከሃ በርጩማ ሳቡና ከቲኪው ፊት ተቀመጡ። ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ድምፃቸው፣ ያ ከማይክሮፎን የሚበልጠው ድምፃቸው፣ ቀጠነ።

"እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ የወለደቻት እህቴ ናት" አሉ። "እህቴ ስትሞት ይህች ልጅ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም አለች። እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም፤ እኔም ቤት ልሥራ፣ ባል ላግባ ሳልል ዕድሜዬ ሄደ። አሁን ልለቃት ነው። ሰዉ አክስቷ ታስቸግራለች ይላል። እኔ ግን ፈርቼ ነው። እዚህ አገር ሰው ሲቸገር የሚጠራው ወገን ከሌለው ማን ይደርስለታል? እርስዎ እናት ነዎት፤ ልጅዎን እቆጡታለሁ ይበሉኝ፣ ይበቃኛል።"

ሰላም አፏን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች አልነበረም። እኔ ደግሞ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። እኚህን ሴት ያስቸገሩኝ ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው፤ ለካ ፈርተው ኖሯል፣ እኔም ፍርሃታቸውን እንጨት ፊት አስቀምጬዋለሁ። "እትዬ" ብዬ ተንበረከክሁ። "እትዬ የሺ፣ ይሄ እናቴ አይ..."

በሩ ተከፈተ። ሚስተር ሃሮልድ አበባ ያለበት ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ገቡ። ከኋላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሁሉም አበባ በአበባ፣ የአንዱ ባርኔጣ ላይ የፕላስቲክ በቀቀን፣ የአንዷ ጆሮ ላይ የፕላስቲክ አናናስ፣ ሁሉም ካሜራ በእጁ ይዞ ተንጋጋ። የድሮ ቲኪ ቤቶችን እየዞሩ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ጧት "ኦኬ" ያልኩት ይህንን ነበር።

"ኦ፣ እንዳይበርደው አልብሰኸዋል!" አሉ ሚስተር ሃሮልድ ደስ ብሏቸው። ነጠላውን ሳቡት። ቀጥሎ ጋቢውን።

ያ ፊት ወጣ። ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ ጥርሱ እንዳገጠጠ፣ ከእትዬ የሺ ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ።

"በኢየሱስ ስም!" አሉ እትዬ የሺ። በርጩማው ወደ አንድ ወገን፣ ቀሚሱ ወደ ሌላ፣ እሳቸው ወደ ኋላ። ሰላም ደግፋ ያዘቻቸው። ባለ አናናሷ ሴት ፎቶ አነሳች። እትዬ የሺ ቲኪውን አዩት። ጋቢውን አዩት። እኔን አዩኝ። እትዬ የሺ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢሰድቡኝ በመረጥኩ።

ሚስተር ሃሮልድ ግን የገባቸው ሌላ ነገር ነው። በርጩማውን አንስተው እትዬ የሺን አስቀመጧቸውና ጎንበስ አሉ። "ሲያነጋግሩት ከበር ሰምቻለሁ" አሏቸው፤ ሰላም ትተረጉማለች። "እኔም አነጋግረዋለሁ። የቀረጸችው ሚስቴ ናት፤ ጓሮ ውስጥ፣ በገዛ እጇ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነው። ከእኔ ሌላ ቁጭ ብሎ ያዋራው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።"

እትዬ የሺ ሽማግሌውን ቀና ብለው አዩአቸው። "ሚስታቸው ሞተዋል?" አሉ።

"ሞታለች" አሉ ሚስተር ሃሮልድ። ወደኔ ጠቆሙ። "ይሄ ልጅ ያኔ ጓሮ ነበር የሚኖረው። ከቀብር ስመለስ ወንበር ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ምን ፈለግህ አልኩት። ምንም አለ። አያወራም፣ አይሄድም። በማግሥቱም መጣ፣ በሠልስቱም። መጀመሪያ የቤት ኪራይ ቀንስልኝ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። የገዛ ልጄ አበባ ልኮ ነው የቀረው። ይሄ ሥራ ውሎ፣ ዓይኑ እየተከደነበት፣ ይቀመጣል። እናንተ አገር ይሄ ምን ይባላል?"

ሰላም ተርጉማ ስትጨርስ፣ እትዬ የሺ "ለቅሶ መድረስ ነዋ" አሉ፤ ምን የሚገርም ነገር አለ በሚል ዓይነት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ውሸታም ነህ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጣዖት አስለመንከኝ። ሰኞ ፓስተሩ ፊት ቀርበህ ትናዘዛለህ። ታምራትንም ራስህ ትነግረዋለህ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ሽማግሌ ላክ። ላስብበትና መልሱን እነግራችኋለሁ። ቃል አልገባሁም።" ቀሚሱን ከወለሉ አንስተው አራገፉ። ወደ በሩ ሲሄዱ ቆም አሉና በአገጫቸው ወደ ሚስተር ሃሮልድ አመለከቱ። "እኚህንም ሰውዬ ጨምራቸው።"

ተናዘዝኩ። ወንድም ታምራት ሰምቶ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ ቀጥሎ "ወረቀቱ ግን ፀድቋል አይደል?" ብሎ ታረቀኝ። የሽማግሌዎቹ ቀን ሲደርስ እሱና ሌላ አንድ ታላቅ ወንድም በጥቁር ሱፍ፣ ሚስተር ሃሮልድ በዚያው በቀይ አበባ ሸሚዛቸው ሚድ ዊልሻየር ወዳለው የእትዬ የሺ አፓርታማ ገቡ። እንደ ደንቡ እኔ አልገባም፤ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። መልሱም የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ማንም ልጅ አይሰጥም። "እንመካከርበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" ይባላል፣ ሽማግሌ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ሰው በአንድ ቀን ከሰጠ ልጄ ረከሰች ማለት ነው።

ሁለቱ ባለ ሱፎች ወጡ። ሦስተኛው የሉም።

"የታሉ?" አልኩ መስኮት ዝቅ አድርጌ።

"አልነሳም አሉ" አለ ወንድም ታምራት ላቡን እየጠረገ። "ሁለት ሳምንት ሲባሉ፣ 'የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔ በሕይወት መኖሬን በምን አወቃችሁ?' ብለው ጠየቁ። ሰላም ተረጎመች። 'እንግዲያው እዚሁ እጠብቃለሁ' ብለው ጫማቸውን አወለቁ።"

"እትዬስ ምን አሉ?"

"ትኩር ብለው ሲያዩአቸው ነው ጥለናቸው የወጣነው።"

መሪውን ይዤ ቀረሁ። አለቀ አልኩ፤ ደንብ ጣሱ፣ አዋረዱን፣ እኚህ ሰውዬ ያላዩትን አገር እንደሚሠሩ ሁሉ ያላዩትንም ደንብ ሠርተው ገደል ከተቱኝ አልኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቀና ስል ሰላም የፎቁ ደረጃ ላይ ቆማ አየኋት። አፏን በእጇ ሸፍናለች። በሌላው እጇ ትጠራኛለች።

"ና ግባ" አለችኝ ስደርስ። "አክስቴ ሳህን ጨምሪ አለችኝ። 'ለሰውየውም፣ ለዚያ መኪና ውስጥ ለተቀመጠውም' አለች።"